የአከርካሪ ዓይኖችና ጥቁሩ እጢ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጉልበቴን ልታይ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ራጅ ክፍል ያገኘኋት ወጣት ባለሙያ አስተኛችኝና ከመስተዋቱ ጀርባ ገባች፤ ትንፋሼን በወጉ ሳልሰበስብ «ጨርሰናል አባባ» አለችኝ። ሥዕሉ ኮምፒውተሩ ላይ ወጥቷል። ፊልም የለ፣ መድኃኒት ውስጥ መንከር የለ፣ አንጠልጥሎ ማድረቅ የለ።

«ጨለማ ክፍሉስ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የቱ ጨለማ ክፍል?»

በሩን አሳየኋት። ከፈተችልኝ። መጥረጊያ፣ ባልዲና የወለል መወልወያ ይቀመጥበታል። ልጅቷ ምን እንደማይ ግራ ገብቷት አጠገቤ ቆመች። አልከፋኝም፤ የእሷ ማሽን ከእኛው በብዙ ይበልጣል። ግን ቤቴ ስገባ ለልጆቼ እንኳ በቅጡ ያልነገርኳቸው ነገር እንዳለ ተሰማኝና ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ስሜ ሰይድ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ነው፤ አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ የራጅ ሙያ ተማርኩና ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን ደሴ ተመልሼ ሆስፒታል ተቀጠርኩ። ደመወዙ እንደ ማንኛውም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ስለሱ የምለው ብዙ የለኝም። አለቃዬ ጋሽ ይማም ይባላሉ።

ጋሽ ይማም የኮሌጅ ወረቀት አልነበራቸውም። በንጉሡ ዘመን በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ አስታማሚ ሆነው ገብተው፣ ሥራውን ከፈረንጅ ሐኪም እጅ እያዩ ነው የተማሩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ዲፕሎማዬን ሳሳያቸው ወዲያና ወዲህ አገላብጠው አዩትና «ጥሩ ወረቀት ነው፤ አስቀምጠው» አሉኝ።

የደሴ ብርድ ይታወቃል። የራጅ ጠረጴዛው ጠዋት ጠዋት እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር። ጋሽ ይማም ሰው ከማስተኛታቸው በፊት ብርድ ልብስ አጣጥፈው ያነጥፉና ራሳቸው በሁለት እጃቸው ያሹታል። መጀመሪያ ላይ የሽማግሌ ነገር መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ብርድ የነካው ሰው ይኮማተራል፣ የተኮማተረ ሰው ደግሞ ይጣመማል፣ ጠማማ ሰው ላይ የተነሳ ፊልም ይዋሻል። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ከአንገት ጀምረው የጀርባውን አጥንት አንድ በአንድ እየነኩ ይቆጥራሉ። እየቆጠሩም በሽተኛውን ስለ አገሩ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል። ሰውየው እያወራ ሳያውቀው ቀጥ ብሎ ይተኛላቸዋል።

አንድ ቀን ገና ውኃ የሚንጠባጠብ የደረት አከርካሪ ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው «ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«የደረት አከርካሪ።»

«እሱን ማንም ያየዋል። ዓይኖቹን ቁጠር።»

ከፊት ለፊት በተነሳ ፊልም ላይ እያንዳንዱ የአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ ሁለት ሞላላ ክቦች አሉት። ጋሽ ይማም ዓይን ይሏቸዋል፤ እውነትም ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ የጉጉት ፊቶች ይመስላሉ። ቆጠርኩ። ሁሉም ሙሉ ነበሩ።

«ሳንባ ነቀርሳ አከርካሪ ሲገባ» አሉኝ «አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ክፍተቱ ደህና ሆኖ አንዲት ዓይን ብቻ ሳስታ ወይ ጠፍታ ካየህ ግን፣ ከውስጥ የሚገፋ ነገር አለ ማለት ነው።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«እሱን ሐኪሙ ይወቀው። ያንተ ሥራ መጥፋቷን አጥርተህ ማሳየት ነው።»

ከእሳቸው ጋር ሦስት ዓመት ሠርቼ ኮምቦልቻ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። አሮጌ ማሽን ተተክሎ ሰው ይፈልግ ነበር። ከደሴ ብርድ ወደዚያ ሙቀት መውረዱ፣ ከዚያም በላይ ብቻዬን የራጅ ክፍል ኃላፊ መሆኔ ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ነጭ ጋዎኔን አስተኩሼ እለብሳለሁ። ሰው ዶክተር ሲለኝ ሁልጊዜ አላርምም።

ያኔ ሰሜን ላይ ጦርነቱ ስለበረታ ፊልም ቅድሚያ የሚሄደው ለቁስለኛ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ለአንድ በሽተኛ ከሁለት ፊልም በላይ እንዳይነሳ አዘዘ፤ ተጨማሪ ያስፈለገው ምክንያቱን ጽፎ ያስፈርማል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ምክንያት ጽፌ ሄጄ የከለከለኝ ቀን የለም። ይህን የምናገረው ቀጥሎ የምተርከው ጥፋት የእኔ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

አያ ሙሄ ከሐርቡ ወዲያ ካለ መንደር የመጣ ገበሬ ነው። ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት ይሆናል። ሚስቱ ሉባባ ክንዱን ይዛ አስገባችው። ከትከሻው ሥር ጀርባውን ያመዋል፤ ሲተኛ ይብስበታል፤ ሕመሙ እንደ መቀነት ዞሮ ወደ ደረቱ ይመጣል። ከሰሞኑ ደግሞ ቀኝ እግሩ ይጎተታል።

«እርፍ ስይዝ እግሬ ወደ ኋላ ይቀርብኛል ዶክተር» አለኝ።

ያን ቀን አረምኩት። «ዶክተር አይደለሁም፤ ራጅ አንሺ ነኝ።»

«ፎቶ አንሺ ነሃ። እንግዲያው አሳምረህ አንሳኝ» አለና ሳቀ።

ሕመሙ ቀጥ ብሎ አላስተኛ አለው። እንደምንም ብዬ አነሳሁት። ፊልሙን ከመድኃኒቱ ሳወጣው ከደረቱ አጥንቶች ስምንተኛው ላይ የቀኙ ዓይን ሳስቷል። አየሁት። ይህን በሕይወቴ ክጄ አላውቅም፤ አይቼዋለሁ። ግን ተጣሞ ስለተኛ ነው አልኩ። የጎኑን ፊልም ሳነሳ ደግሞ አሳለውና ደበዘዘ። አቅንቼ፣ አረጋግቼ ሌላ ማንሳት ነበረብኝ። ውጭ ወረፋው ረዝሟል፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ምክንያት ጽፎ ፊርማ ፍለጋ መሄዱ ታከተኝ። ሁለቱን ፊልሞች ፖስታ ውስጥ ከትቼ ላክኋቸው።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ደብዛዛውን ፊልም አይቶ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። አልፈርድበትም። በዚያ አገር ጀርባውን ታሞ እግሩ ከሚሰንፍ ሰው አብዛኛው እሱ ነው። መድኃኒት ጀመረለት። አያ ሙሄ መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳያጓድል ለወራት ዋጠ።

ከዚያ በቃሬዛ መጣ። ከእምብርቱ በታች አይሰማውም፤ ሽንቱም አምልጦታል። ደሴ ተላከ፤ የደሴው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ታደሰ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ላከው። እዚያ ጀርባውን ሲከፍቱት ከነርቭ ሥር የበቀለ እጢ ሕብለ ሰረሰሩን ጨፍልቆት ተገኘ። ቀለሙ እንደ ከሰል ጥቁር ነበር። አወጡለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ዘግይቷል።

ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ለዶክተር ታደሰ ደረሰ። ጋሽ ይማም አስጠሩኝና ደሴ ወጣሁ። የእኔን ፊልም መብራቱ ላይ ሰቅለውት ነበር። ወንበር አልሰጡኝም፤ አልጮሁብኝምም።

«ይቺ ዓይን የት ሄደች?»

«ተጣሞ ተኝቶ መስሎኝ ነበር።»

«ከመሰለህ ለምን አቅንተህ አልደገምከውም?»

ስለ ፊልሙ እጥረት ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ጋሽ ይማም መብራቱን አጠፉት።

«ቤቱን ታውቀዋለህ?»

«ሐርቡ ነው።»

«ሂድና ንገረው።»

«ምን ብዬ?»

«የሆነውን።»

ሁለት ሳምንት አመነታሁ። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን መኪና ተሳፍሬ ሐርቡ ወረድኩና በእግሬ መንደራቸው ሄድኩ። አያ ሙሄ ደጁ ላይ፣ ቁርቁራ ዛፍ ሥር በተዘረጋ አልጋ ላይ ተደግፎ ቃጫ ይገምዳል። ሉባባ ከጓሮ ብቅ አለች።

«አሰላሙ አለይኩም አያ ሙሄ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ፎቶ አንሺው ነህሳ። ቁጭ በል።»

ሳልቀመጥ ነገርኩት። ዓይኗን እንዳየሁ፣ ተጣሞ መስሎኝ እንዳለፍኳት፣ ሌላ ፊልም ማንሳት እንደነበረብኝና እንዳላነሳሁ። መሬቱ ላይ በእንጨት አጥንቱን ሥዬ አሳየሁት። እጁ ቃጫው ላይ ቆመ። ሉባባ የያዘችውን ሰፌድ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ያኔ ደግመህ ብታነሳኝ ኖሮ እሄድ ነበር?»

«ምናልባት። እርግጠኛ ሆኜ ልነግርህ አልችልም። ግን ገና በእግርህ እየሄድክ ነበር የመጣኸው፤ ዕድሉ ነበረህ።»

ገመዱን እንደገና መግመድ ጀመረ። «አልተቆጣሁም ብልህ ውሸቴን ነው» አለኝ። «ወላሂ ተቆጥቻለሁ። ግን ጥፋቴ ነው ብሎ እዚህ ድረስ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ቁጭ በል አልኩህ እኮ።»

ተቀመጥኩ። ሉባባ እርጎ አመጣችልኝ። ጽዋውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«እውነት ጥቁር ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«እንደ ከሰል ነው አሉ። የቆዳችንን ቀለም የሚሰጠው ነገር ነርቭ ዙሪያም አልፎ አልፎ ይገኛል። እጢው ከእሱ ነው የተነሳው።»

«ጥቁረቴ ወደ ውስጥ ገባ በለኛ» አለና ሳቀ። ሉባባ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ስወጣ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። እሱ ባለበት ቃል አልተናገረችም ነበር። «እኔ እንደሱ ሆደ ሰፊ አይደለሁም» አለችኝ። «ይቅር ማለቱን አላህ ይስጠኝ። አንተ ግን ሌላ ሰው ላይ እንዳትደግመው።»

ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ እስካለሁ ድረስ እየተመላለስኩ እጠይቀው ነበር፤ ከመተኛት ብዛት ለወጣበት ቁስል ማሸጊያና መድኃኒት ይዤ። በሁለተኛው ዓመት ኩላሊቱ ታሞ አረፈ። ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሉባባ ለቅሶ ላይ ስታየኝ «መጣህ» አለችኝ። ሌላ አላለችም።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ደሴ ተመለስኩ። ጋሽ ይማም ሸምግለዋል፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ጣታቸው ግን አጥንት ላይ ሲያርፍ ይረጋል። ሆስፒታሉ በቁስለኛ ተሞልቷል፤ ኮሪደር ላይ ሳይቀር ሰው ይተኛል። ዶክተር ታደሰ ቀን ከሌት ቀዶ ሕክምና ይሠራል። በዕድሜ እኩያዬ ስለሆነ አንተ እንባባላለን፤ ቁጡ ነው፣ ግን ለሥራው ሟች ነው።

አስቴር የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ካገባች ዓመት ያልሞላት ወጣት ነበረች። ባሏ ቤቱ ውስጥ ለጴንጤዎች ጸሎት ሰው አሰባስበሃል ተብሎ ታስሯል። እናቷ ደግፋ አመጣቻት። ጀርባዋን ያማታል፣ ሕመሙ እንደ መቀነት ደረቷን ይይዛታል፣ እግሮቿ ከድተዋታል። ማሽኑ ፊት ቆማ መዋል ስላልቻለች ሥራ አቁማለች።

መቀነት የሚለውን ቃል ስሰማ አያ ሙሄን አስታወስኩ። ጠረጴዛውን በእጄ አሸሁት፤ ብርድ ልብሱን ሁለት እጥፍ አደረግሁት። ከፊት ለፊት አነሳኋት። ከደረቷ አጥንቶች ዘጠነኛው ላይ የግራው ዓይን የለም። አቅንቼ ደገምኳት። አሁንም የለም። ፊልሙን ሳላደርቀው ለጋሽ ይማም ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከዳር ወደ መሀል አዩት። «ጠማማ አይደለም» አሉ። «የጎኑን እኔ ልያዝልህ።»

የደረት አከርካሪን ከጎን ማንሳት አስቸጋሪ ነው፤ ጎድኖቹ አጥንቱን ይሸፍኑታል። ጋሽ ይማም መላ ነበራቸው። የማሽኑን ኃይል ዝቅ አድርገው ጊዜውን ያረዝሙታል፤ በሽተኛው ሳይንቀሳቀስ በዝግታ ይተነፍሳል፤ ከትንፋሹ ጋር የሚነሱት ጎድኖች ደብዝዘው ይጠፋሉ፣ የማይነቃነቀው አከርካሪ ብቻ ጠርቶ ይቀራል። ችግሩ የፈራ ሰው በዝግታ አለመተንፈሱ ነው። አስቴር እንደ ወፍ ቶሎ ቶሎ ትተነፍስ ነበር።

ጋሽ ይማም ጆሮዋ ድረስ አጎነበሱ። «ልጄ፣ መዝሙር ታውቂ የለም?»

ፊቷ ተለወጠ። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ደግ አልነበረም።

«አብሽሪ» አሉ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ማንም ዘንድ አልናገርም። ከመዝሙርሽ ረጋ ያለውን ምረጭና ድምፅ ሳታሰሚ በልብሽ ዘምሪው። በዜማው ልክ ተንፍሺ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ደረቷ ቀስ እያለ መነሳትና መውረድ ጀመረ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አዝራሩን ተጫንኩ።

በሕይወቴ ያን የመሰለ የጎን ፊልም አንስቼ አላውቅም። በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ደህና ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ የለም። ነርቩ የሚወጣበት ቀዳዳ ግን ከጎረቤቶቹ እጥፍ ሰፍቷል።

ፊልሞቹን ይዤ ወደ ዶክተር ታደሰ ሄድኩ። ከቀዶ ክፍል መውጣቱ ነው፤ ጫማው ላይ ደም አለ። የመጣችበትን ወረቀት አይቶ «የነቀርሳ መድኃኒት ትጀምር» አለ።

«ዶክተር፣ ነቀርሳ አይመስለኝም።»

«አንተ ራጅ አንሺ ነህ ወይስ ሐኪም?»

«ራጅ አንሺ ነኝ። ለዚያ ነው የመጣሁት። ፊልሙ የኔ ነው፤ ጠማማ አይደለም። ደግሜዋለሁ።»

ትክ ብሎ አየኝና ፊልሞቹን ተቀበለኝ። መብራቱ ላይ ሰቀላቸው። ጣቱን የጠፋችው ዓይን ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ የሰፋው ቀዳዳ ላይ። «አዲስ አበባ መሄድ አለባት» አለ በመጨረሻ።

ግን መሄድ አልቻለችም። የቀበሌዋ ሊቀ መንበር ባሏ የታሰረበት ጉዳይ ሳይጣራ የይለፍ ወረቀት አልሰጥም አለ። ዶክተር ታደሰ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለሁለቱም መልስ አልመጣም። ሳምንቱ ሳያልቅ አስቴር መቆም አቃታት። አንድ ጠዋት ዶክተሩ የእግሯን ጣቶች እየነካ «የቱን ነካሁ?» ይላታል፤ አንዱም አልተሰማትም። እናቷ ከአልጋው ግርጌ ሆና እግሯን ታሻለች።

ዶክተር ታደሰ ወደ ራጅ ክፍል መጣ። «ለነቀርሳ አከርካሪ ከፍቼ አውቃለሁ» አለ። «እንዲህ ያለ እጢ ግን አውጥቼ አላውቅም። ብጠብቅ እግሯን ታጣለች። ነገ እከፍታታለሁ። ትክክለኛው አጥንት ላይ ካላደረሳችሁኝ ግን ከንቱ ነው።»

ለአስቴርም ይህንኑ ሳይደብቅ ነገራት። «ይክፈቱኝ» አለች። «ባሌ ሲፈታ ቆሜ ልቀበለው እፈልጋለሁ።»

በማግሥቱ ተንቀሳቃሹን ማሽን እየገፋሁ ቀዶ ክፍል ገባሁ። አስቴር በደረቷ ተኝታለች። ዶክተሩ በጣቱ ቆጥሮ ዘጠነኛው ነው ያለው አጥንት ላይ መርፌ ተከለ። አነሳሁና ፊልሙ ያለበትን ካሴት ይዤ ወደ ጨለማ ክፍል ሮጥኩ። ፊልሙ መድኃኒቱ ውስጥ እስኪወጣ ያለፈው ደቂቃ በጣም ረዘመብኝ። ጋሽ ይማም ኮሪደሩ መስኮት ላይ ይጠብቁኛል። እርጥቡን ፊልም ወደ ብርሃኑ አንስተን ከመጨረሻው ጎድን ወደ ላይ ለየብቻ ቆጠርን።

«ስምንተኛው ላይ ነው» አልኩ።

«እኔም ስምንት ነው ያልኩት» አሉ። «ሂድ፣ ሳታመነታ ንገረው።»

ገብቼ «ዶክተር፣ መርፌው አንድ አጥንት ወደ ላይ ነው። አንድ ዝቅ በል» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ሁለታችንም ቆጥረነዋል።»

ቀና ብሎ ፊልሙን ራሱ ቆጠረ። መርፌውን ነቅሎ አንድ ዝቅ አለ። እንደገና አነሳሁ፤ ዘጠነኛው ሆነ። ከዚያ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ፤ ውጣ ያለኝ አልነበረም።

አጥንቱን ከፍቶ ሽፋኑን ሲሰነጥቀው እጁ ቆመ። ነርሷም ቆመች። ከነርቩ ሥር ተጣብቆ፣ አንድ የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ቀለም የተደፋበት የመሰለ ጥቁር ነገር ሕብለ ሰረሰሩን ወደ ቀኝ ገፍቶታል።

«የቆዳ ካንሰር ወርዶባት እንዳይሆን» አለ ዶክተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሱ ከሆነ በየቦታው ተሠራጭቷል፤ ብነካካው ትርፉ ማሰቃየት ነው። ልዝጋው ይሆን?»

በሥራዬ ዘመን ቀዶ ክፍል ውስጥ ሳልጠየቅ የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «ዶክተር፣ የሐርቡ ሰውዬ፣ ሙሄ። ከአዲስ አበባ የመጣልህ ደብዳቤ። የእሱም ጥቁር ነበር፣ ከነርቭ ሥር። ካንሰር ወርዶበት አልነበረም።»

ወደ እኔ አልዞረም። «ልክ ነህ» አለ። «አስታወስኩት።»

እጢውን ሳይቀደድ ለማውጣት ረጅም ሰዓት ፈጀበት። ከነርቩ ጋር የተያያዘ ስለነበር ያንን አንድ ነርቭ ቆርጦ አብሮ አነሳው። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ፈሳሹ ትንሽ ጠቆረ። ሕብለ ሰረሰሩ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ሲመታም አየሁት።

በሦስተኛው ቀን አስቴር የግራ እግሯን አውራ ጣት አንቀሳቀሰች። እናቷ ነበረች መጀመሪያ ያየችው፤ ነርስ ስትጠራ ድምፅዋ ራጅ ክፍል ድረስ ተሰማ። ከሳምንታት በኋላ በሁለት ምርኩዝ፣ ከዚያ በአንድ፣ ከዚያ ያለ ምንም ሄደች። የምርመራው ውጤት ከአዲስ አበባ ዘግይቶ ደረሰ፤ ጥቁር ቀለም ያለው የነርቭ ሥር እጢ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ሊመለስ ስለሚችል ግን በየዓመቱ ትታይ ይላል።

ዶክተር ታደሰ ውጤቱን በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ለሐኪሞቹ ሁሉ አነበበው። ቀጥሎም ጀርባውን ታሞ እግሩ የሚሰንፍ ሰው ሲመጣ ራጅ ክፍሉ ሐኪም ሳያዘው ጥርት ያለ ፊልም እስኪያገኝ ደግሞ እንዲያነሳ አዘዘ፤ ጦርነቱም እያለ፣ ፊልሙም እያጠረ። ትእዛዙ በጽሑፍ ወጥቶ በራችን ላይ ተለጠፈ። ጋሽ ይማም ቆመው አነበቡት። ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ «ይህን ያመጣው ሰይድ ነው» አሉ። ያቺን ቃል የሰማሁበት ቀን እንደ ሁለተኛ ምረቃዬ እቆጥረዋለሁ።

እኔም አንድ እሑድ ሐርቡ ወርጄ ለሉባባ ነገርኳት። ኮምቦልቻ ያለች ሴት ስለ አያ ሙሄ በተጻፈው ደብዳቤ ምክንያት እንደዳነች ሳወራላት እህል ማበጠሯን ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ትሄዳለች?» አለች። «ትሄዳለች» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ» አለችና ምሳ ሳልበላ እንዳልሄድ ነገረችኝ።

አስቴር በየዓመቱ እየመጣች ትነሳ ነበር። ባሏም ተፈቶ ፋብሪካው ጎን ሱቅ ከፈተ። እኔ ሥራ ላይ እስካለሁ እጢው አልተመለሰባትም። ከእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን አንዱን አልረሳውም።

እንደ ልማዷ ጠዋት መጣች፤ ባሏ በር ላይ ቀረ። ብርድ ልብሱን አነጠፍኩ። ለሴት ሁሉ የምጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኋት፤ አደፍሽን ካየሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?

መሬት መሬት አየች። «ሦስት ወር አለፈኝ» አለች።

«ራጅ ፅንስ ይጎዳል፤ ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«አንድም ዓመት እንዳታሳልፊ ብላችሁኛል እኮ። ባልነሳና ቢመለስብኝስ ጋሽ ሰይድ?»

ዶክተር ታደሰን ጠራሁት። በተረከዟ አስኬዳት፣ በጣቶቿ አስቆማት፣ በመዶሻው ጉልበቷን መታ፣ ጀርባዋን ጠባሳው ላይ ተጭኖ አየ። እግሮቿ ከእኔም ከእሱም እግር የበረቱ ነበሩ። «እስክትወልጂ ይቆይ» አላት። «እግርሽ ትንሽ እንኳ ከሰነፈ ግን በዚያው ቀን ነይ።»

አስቴር ጫማዋን አጠለቀችና ወደ ባሏ ወጣች። ለእሷ የጫንኩትን ፊልም ጨለማ ክፍል ገብቼ ከካሴቱ አውጥቼ ወደ ሣጥኑ መለስኩ። ከዚያ መዝገቡን ገለጥኩ፤ ውጤት በሚለው መስመር ላይ «አልተነሳችም፤ ነፍሰ ጡር ናት» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፣ ፈረምኩበት፣ ቀጣዩንም በሽተኛ ጠራሁ።